በ10 ዶላር የተሠራ የሲኒማ ልብስ

ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ



ባለፈው ዓመት አባቴ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ አሜሪካ በተላከ ጊዜ፥ እናቴና እኔ የ8 ዓመት ልጅ ከሆነው ታናሽ ወንድሜ ጋር አብረነው ሄደን፥ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ተቀምጠን ነበር። ከተመለስሁ ወዲህ ጓደኞቼ ስለ ሕንፃው፥ ስለ ባቡሩና ስለ በረዶው ብዙ ጠየቁኝ። እኔ ግን በዚህ መጽሔት ለመጻፍ የመረጥሁት ስለነዚህ ትልልቅ ነገሮች ሳይሆን፥ በአሮጌ ጋዜጣ፥ በካርቶንና በዱቄት ሙጫ ስለ ሠራሁት አንድ ባርኔጣና ከርሱ ጋር ስለሚለበሰው ልብስ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ለትምህርት ቤታችን ትያትር የሚጠቅም ብልሃት አለበት። ለእኔና ለወንድሜ ደግሞ ከብልሃትነቱ ያለፈ ነገር ነበረው።

በዓሉና ልማዱ

አሜሪካውያን በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ ሃሎዊን የሚባለውን በዓል ያከብራሉ። ስሙ የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራብ ክርስቲያኖች በማግሥቱ፥ ኖቬምበር 1 ቀን፥ የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ያከብራሉና። ልማዱን ወደ አሜሪካ ያስገቡት በ19ኛው መቶ ዓመት ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ተሰደው የመጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን በዓሉ ይልቁንም የልጆች ጨዋታ ሆኗል። ሰዎች ትልልቅ ዱባ ፈልፍለው፥ ዓይንና አፍ አውጥተውለት፥ በውስጡ ሻማ አብርተው በደጃፋቸው ያኖሩታል። ልጆችም ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው፥ ከረጢት ይዘው፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «ትሪክ ኦር ትሪት» ይላሉ። ይህም «ጣፋጭ ስጡን፥ አለዚያ እንተነኩላችኋለን» እንደ ማለት ነው። ባለቤቱ የደጁን መብራት ካበራ «ኑ» ማለቱ ነው፤ ካጠፋው ግን ማንም አያንኳኳም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው ቡሄ ነው። የእኛም ልጆች በነሐሴ ወር ዱላ ይዘው፥ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞሩ የለምን? ሙልሙል ዳቦ ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ሴቶች ልጆችም በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛ ልጅ ዳቦውን የሚያገኘው በዘፈኑ ሲሆን፥ የነሱ ልጅ ከረሜላውን የሚያገኘው በልብሱ ነው። ስለዚህ ልብሱ ትልቅ ጉዳይ ነው።

እናቴ ግን በመጀመሪያ አልተስማማችም። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 31 የዋለው ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። «በማርያም ዕለት የሰይጣንና የሙት መልክ ለብሳችሁ ከቤቴ አትወጡም» አለች። አባቴ እንደ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ካነጋገረን በኋላ፥ ሰይጣንም ሙትም ያልሆነ፥ ሰው ሲያየው ደስ የሚለውን ሰው እንድንመስል በዚህ ተስማማን።

ሁለተኛው እንቅፋት ገንዘብ ነበር። አባቴ የሚቀበለው አበል ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም። ወንድሜ የለመነው በሰማይ የሚበረውን ጀግና ልብስ ነበር፤ እርሱም በመደብር 40 ዶላር ይሸጥ ነበር። አባቴ ቦርሳውን ከፍቶ አየና «ለሁለታችሁ 10 ዶላር አለችኝ፤ የቀረውን በጭንቅላታችሁ ሙሉት» ብሎ ሰጠን።

ማንን እንምሰል?

አባቴ ራሱ መላ መታ። «ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ ሰው የለም። አንቺ እርሱን ምሰዪ፤ ወንድምሽ ደግሞ ያሳደገውን ልጅ ይምሰል» አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። ወንድሜ ግን አለቀሰ። በትምህርት ቤቱ አንዳንድ ልጆች «ለምን ሁልጊዜ አንድ ጃኬት ብቻ ትለብሳለህ?» እያሉ ይጠይቁት እንደ ነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። «እኛ ራሳችን ገንዘብ የለንም፤ ታዲያ ለምን ደግሞ የድኻ ልብስ እንለብሳለን?» አለ። ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም መልስ አጣን።

በዚያ ምሽት አባቴ በ1921 እ.ኤ.አ. የተሠራውን «ዘ ኪድ» የሚባለውን፥ ማለት «ልጁ» የተሰኘውን ፊልም አሳየን። ፊልሙ ድምፅ የሌለው ስለ ሆነ፥ ገና እንግሊዝኛ ያልገራልን እኔና ወንድሜ ከማንም እኩል ተረዳነው። ዘዋሪው ድኻ አንድ የተጣለ ሕፃን አግኝቶ በጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ያሳድገዋል። የጡጦ መግዣ ስለ ሌለው የቡና ጀበናውን በገመድ ሰቅሎ ጡጦ ያደርገዋል። ጧት ከአልጋው ሲነሣ ቀዳዳ ባለው ብርድ ልብሱ ራሱን አሾልኮ እንደ ጌታ ካባ ይለብሰዋል። በኋላም ሹማምንት መጥተው ልጁን ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ሊወስዱት በመኪና ሲጭኑት፥ ድኻው በጣሪያ ላይ እየሮጠ ደርሶ ያስጥለዋል። ወንድሜ እዚህ ላይ እጄን ይዞ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ «እሺ፥ ልጁን እሆናለሁ» አለ፤ ሌላ ምንም አልተናገረም።

ልብሱ ራሱ እንዴት እንደ ተፈጠረ

ከዚህ በኋላ ስለ ቻርሊ ቻፕሊን አነበብሁ። የተወለደው በ1889 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሲሆን፥ ያደገው በለንደን ከተማ በብዙ ችግር ነው። እናቱ በመርፌ ሥራ ልጆቿን ለማሳደር ብትጥርም አልሆነላትም፤ እርሱም በ7 ዓመቱ መንግሥት ድኾችን ወደሚያስጠጋበት ቤት ገባ። በ1914 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሲኒማ ሥራ ላይ ሳለ፥ አለቃው የሚያስቅ ልብስ ለብሰህ ና ብሎ አዘዘው። ቻፕሊን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፥ ያን ጊዜ ያሰበው ሁሉ ነገር እርስ በርሱ እንዲቃረን ነበር፤ ሱሪው ሰፊ፥ ኮቱ ጠባብ፥ ባርኔጣው ትንሽ፥ ጫማው ትልቅ ይሁን አለ። ዕድሜው ወጣት ስለ ነበረም ሽማግሌ እንዲመስል ትንሽ ሪዝ ጨመረበት። ሱሪው የአንድ ወፍራም ተዋናይ፥ የሮስኮ አርባክል፥ እንደ ነበረ ይተረካል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ልብስ በልክ የተሰፋ አልነበረም፤ እዚያው ከነበረው ልብስ ተመርጦ የተሰባሰበ ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

የሥራው አካሄድ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው በእርሳስና በወረቀት ነው። የምትመስሉትን ሰው ፊልም ደጋግማችሁ እዩ፤ ከዚያም «ይህ ቢጎድል ሰው አያውቀውም» የምትሉትን ብቻ ጻፉ። እኔ የጻፍሁት 6 ነገር ነው፤ ባርኔጣ፥ ሪዝ፥ ጠባብ ኮት፥ ሰፊ ሱሪ፥ ትልቅ ጫማና ከዘራ። ሸሚዙና ክራቫቱ ከዚህ ዝርዝር ስለ ወጡ፥ የትምህርት ቤት ሸሚዜና የአባቴ አሮጌ ክራቫት በቂ ሆኑ። ገንዘብ የሚባክነው በዝርዝሩ ውስጥ ላልገባው ነገር ነው።

1ኛ፥ ሱሪ። የአባቴን ሱሪ ተዋስሁ። አባቴ የሚቀይረው ብዙ ሱሪ ስላልነበረው መቀስ ማስነካት ክልክል ነበር። ስለዚህ ወገቡን በገመድ ሰብስቤ አሰርሁት፤ እግሩንም ወደ ውስጥ አጥፌ በረዣዥም ስፌት ለጊዜው ሰፋሁት። እንዲህ ያለውን ስፌት በማግሥቱ ክሩን ከአንድ ጫፍ ስቦ ማውጣት ይቻላል፤ ጨርቁም አይጎዳም።

2ኛ፥ ኮት። ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት መደብር ለ12 ዓመት ወንድ ልጅ የተሰፋ ጥቁር ኮት በ4 ዶላር ገዛሁ። በዚህ ሥራ ልክ ያልሆነ ልብስ ጥሩ ልብስ ነው። ከላይኛው ቁልፍ በቀር ሌላውን ክፍት ተውሁት፤ ኮቱ ደረት ላይ ጥብቅ ሲል ከታች ያለው ሱሪ ይበልጥ ሰፍቶ ይታያል።

3ኛ፥ ባርኔጣ። ትልቁ ሥራ ይህ ነው። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በሁለት ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እስኪጠፋ ድረስ ይበጠበጣል። ከዚያ በሁለት ስኒ የፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመርና እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ይወርዳል። እንዳይሻግት ጥቂት ጨው ይጨመርበታል። ራሴን በክር ብለካው ዙሪያው 56 ሳንቲሜትር ሆነ፤ ስለዚህ ፊኛውን ዙሪያው 57 ሳንቲሜትር እስኪሆን ነፋሁት። ጋዜጣውን ሁለት ጣት በሚያክል ስፋት ቀድጄ፥ በሙጫው እየነከርሁ፥ የፊኛውን ግማሽ አለበስሁት።

የመጀመሪያው ባርኔጣ ተበላሸብኝ። ቸኩዬ ስድስቱን ድርብ በአንድ ጊዜ ለጠፍሁና ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ቤቱን ከሚያሞቀው ምድጃ አጠገብ አኖርሁት። ፊኛው በሙቀቱ ተነፋ፤ ሌሊት ምድጃው ሲጠፋ ደግሞ ተኮማተረ። ወረቀቱም ውስጡ ገና እርጥብ ስለ ነበር አብሮት ተጨማደደ። ጧት ሳየው ባርኔጣ ሳይሆን የደረቀ በለስ ይመስል ነበር። እናቴ አይታ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ድርብ ብቻ ለጥፌ አንድ ቀን ሙሉ በጥላ አደረቅሁ፤ ከዚያ ሁለት፥ ከዚያ ደግሞ ሁለት። በአራተኛው ቀን ፊኛውን ባፈነዳው በጣት ሲመቱት እንደ ቅል የሚጮኽ ጠንካራ ነገር ወጣ።

ጠርዙን ቁመቱ 13 ሳንቲሜትር እንዲሆን በመቀስ አስተካከልሁ። ለክፈፉ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ቀለበት ቆርጬ፥ ከውስጥ በኩል በትንንሽ ወረቀት አያያዝሁት፤ ግራና ቀኙንም በእንፋሎት አለስልሼ ወደ ላይ ቀለበስሁት። ከዚያ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በመጨረሻ ከክፈፉ በላይ ጥቁር ጥብጣብ ዞረበትና መገጣጠሚያው ተሸፈነ።

4ኛ፥ ጫማ። የአባቴን ትልቅ ጫማ ላደርግ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በጨለማ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ መውደቅ ይመጣል፤ ጫማውም ለአባቴ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከካርቶን ረዥምና ክብ አፍንጫ ሠርቼ፥ ጥቁር ቀብቼ፥ በራሴ ጫማ ላይ በላስቲክ አሰርሁት። ሰው ሲያየው ጫማው ትልቅ ነው፤ እግሬ ግን በራሴ ጫማ ውስጥ ነው።

5ኛ፥ ከዘራ። ከዛፍ የወደቀ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ልጬ፥ በላዩ የልብስ መስቀያ ሽቦ እንደ መንጠቆ አጥፌ አሰርሁ፤ ሽቦውንም በጋዜጣና በሙጫ ጠቅልዬ ቀባሁት። የሽቦው ጫፍ ዓይን እንዳይወጋ ተመልሶ መታጠፍና መሸፈን አለበት።

6ኛ፥ ሪዝ። እናቴ በቅንድብ እርሳሷ ራሷ ሣለችልኝ። ስትጨርስ ራቅ ብላ አየችኝና «አያትሽን ቁርጥ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በማርያም ዕለት አትወጡም ያለችው እናቴ ከዚያ በኋላ እኛን ከማሰናዳት አላረፈችም።

የወንድሜ ልብስ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነበር። በፊልሙ የልጁን ቦታ የያዘው ጃኪ ኩጋን የሚለብሰው ትልቅ ቆብ፥ የተቀደደ ሹራብና በትከሻ ማንገቻ የተያዘ ሰፊ ሱሪ ነው። ቆቡን በ2 ዶላር ገዛን። ሹራቡ የእኔ አሮጌ ሹራብ ነበር። ሱሪውም የእኔው ሲሆን፥ ማንገቻውን እናቴ ከተረፈ ጨርቅ ሰፋችለት።

ሒሳቡም ይህ ነው፤ ኮት 4 ዶላር፥ ቆብ 2 ዶላር፥ ጥቁር ቀለም 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም፥ ፊኛዎች 1 ዶላር፤ ድምሩ 9 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የቀረውን 50 ሳንቲም ለአባቴ መለስሁለት።

የጥላው ፈተና

ልብሱ ማለቁን የማውቅበት አንድ ዘዴ ነበረኝ። በዋዜማው መብራት ከኋላዬ አድርጌ በግድግዳ ፊት ቆምሁ። ጥላ ቀለምም የጨርቅ ጥራትም የለውም፤ የሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው። ጥላው ማንን እንደሚመስል ወንድሜን ጠየቅሁት። «ባርኔጣው ትክክል ነው፤ አንቺ ግን እንደ ወታደር ቆመሻል» አለኝ። እውነቱን ነበር። የእግሬን ጣቶች ወደ ውጭ አዙሬ፥ ትከሻዬን ሰበሰብሁና በከዘራው ተደገፍሁ። ያን ጊዜ «አሁን ነው!» ብሎ ጮኸ። አቋቋምና አረማመድ ከልብሱ የማይለዩ የልብስ ክፍል መሆናቸውን ያስተማረኝ የ8 ዓመት ልጅ ነው።

ስለ ጥንቃቄ

ቀለምና ዱቄት ወደ ፊት ሲቀርብ መጠንቀቅ ይገባል። በ1939 እ.ኤ.አ. በታየው «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» በተባለው ፊልም የቆርቆሮውን ሰው ሆኖ መሥራት ጀምሮ የነበረው ተዋናይ ቡዲ ኤብሰን ነበር። ፊቱን የነፉበት የአሉሚኒየም ዱቄት ወደ ሳንባው ገብቶ በጠና ስላሳመመው ሐኪም ቤት ገባ፤ በርሱም ፈንታ ጃክ ሄይሊ ተተካ፤ ዱቄቱም በቅባት መልክ እየተዘጋጀ ይቀባ ጀመር። እንግዲህ ባለሙያዎቹ እንኳ ከተሳሳቱ፥ እኛ የግድግዳ ቀለምና ኃይለኛ ማጣበቂያ ፊታችንን ልናስነካ አይገባም። ደግሞም የወረቀት ልብስ እሳት ይወዳልና ሻማ ወዳለበት ዱባ አጠገብ መሄድ አይገባም። ማታ የሚሄድ ሰውም ጥቁር ከለበሰ፥ መኪና እንዲያየው የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ ወንድሜ ነጭ ከረጢትና ባትሪ ይዞ ነበር።

በዚያ ምሽት የሆነው

እውነቱን ለመናገር፥ ብዙዎቹ ልጆች አላወቁንም። «ማን ናችሁ?» እያሉ ጠየቁን፤ አንዱ ጠንቋይ መሰላችሁኝ አለ። ማታውም ሞቃት ስለ ነበር በጠባቡ ኮት ውስጥ አላበኝና ሪዜ ወደ አንድ ወገን ፈሰሰ። በላዩ ጥቂት የፊት ዱቄት ነስንሼበት ቢሆን ኖሮ ባልፈሰሰ ነበር። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ጀመረ፤ የሚበሩት ጀግኖች በአጠገባችን ሲያልፉ አያቸው ነበር።

ከመንገዱ መጨረሻ አንድ ቤት ስናንኳኳ በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ከፈቱልን። አዩንና ምንም ሳይናገሩ ባለቤታቸውን ጠሩ። ሽማግሌው ከርሳቸው ኋላ ቆመው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱን፤ ከዚያም በራሳቸው ላይ ባርኔጣ እንዳለ ሁሉ እጃቸውን አንሥተው፥ የሌለውን ባርኔጣ ከፍ አደረጉልን። እኔም ባርኔጣዬን አነሣሁ። ወንድሜም ትልቁን ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣቸው። ሽማግሌው ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ስበው ድንጋይ የሚወረውር ሰው አስመሰሉ፤ በፊልሙ ልጁ መስኮት እየሰበረ፥ አሳዳጊው ደግሞ መስተዋት ሊገጥም ይመጣ ነበርና። ወንድሜ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከገባንበት ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤት አነጋገሬን ፈርቼ ብዙ ጊዜ ዝም እል ነበር። በዚያ ደጃፍ ግን አንዲት ቃል ሳልናገር ተግባባሁ። ወንድሜም በመንገድ ላይ «እኔን እኮ አወቁኝ!» እያለ እስከ ቤት ደገመው። በማግሥቱ ቆቡን አድርጎ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ያን ቆብ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ከራሱ አላወረደውም። ጃኬቱ ያው አንዱ ጃኬት ነበር።

ለትያትራችን የሚሆነው

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ሃሎዊንን እንድናከብር አይደለም፤ እኛ የራሳችን ቡሄና እንቁጣጣሽ አለን። ነገር ግን በወላጆች ቀን ትያትር ለማሳየት ባሰብን ቁጥር «የልብስ መግዣ የለንም» የሚል ቃል እንሰማለን። ጋዜጣ፥ ካርቶንና ዱቄት በየቤታችን አለ፤ ልክ ያልሆነ ኮትም ሰልባጅ ተራ አይጠፋም። የንጉሥ ዘውድ፥ የአርበኛ ጋሻ፥ የሽማግሌ ሪዝ በዚሁ መንገድ ይሠራል። የሚያስፈልገው ሰውየውን ከሌላው የሚለዩትን ጥቂት ምልክቶች ለይቶ ማየትና ባርኔጣው እስኪደርቅ መታገሥ ነው።

ባርኔጣውን ወደ አገሬ ስመለስ በአውሮፕላን እንዳይጨፈለቅ በጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ። አሁን በትያትር ክበባችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሚያስፈልገው ተማሪ ቢመጣ ይዋሰው፤ ዙሪያው 56 ሳንቲሜትር ነው። ራሱ ከዚህ የበለጠ እንደ ሆነም ሙጫ አበጣጠሱን አሳየዋለሁ።